ማሽኑ ቁጥር እንጂ ስም አይናገርም

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የኬሚስትሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነሽ። በደምና በሽንት ውስጥ መድኃኒትና አደንዛዥ ዕፅ የሚለዩ ሰዎች ሥራ ቀልብሽን ስቦታል። ሦስት ነገር ጠይቀሻል። ሁለተኛ ዲግሪሽን በፎረንሲክ ሳይንስ (ለፍርድ ማስረጃ በሚመረምረው) ትሥሪው ወይስ በአናሊቲካል ኬሚስትሪ (ምን ንጥረ ነገር ስንት እንዳለ በሚለካው)? አስከሬን መንካት ግድ ነው ወይ? ሦስተኛዋን ራስሽ በጻፍሻት ቃል ላስቀምጣት፦ «ማሽኑ ናሙናውን ተቀብሎ የመድኃኒቱን ስም የሚነግረን ከሆነ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?»

ከቀላሉ ልጀምር። አስከሬን የሚከፍተው ፓቶሎጂስቱ፣ የሞቱን ምክንያት የሚመረምረው ሐኪም ነው። አንቺ ጋ የሚደርሰው ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ ግን ሁልጊዜ ንጹሕ ደም አታገኚም። ቀናት ያለፉት ደም፣ የጉበት ቁራጭ፣ ከዓይን የተቀዳ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ይሸታል። ብዙዎቹ ይለምዱታል፣ አንዳንዶቹ አይለምዱትም፤ ካልለመድሽው የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሥራው ደግሞ የሟች ብቻ አይደለም። ጠጥቶ ወይም ዕፅ ወስዶ በመንዳት የተጠረጠረ ሰው፣ መጠጡ ውስጥ አንድ ነገር ተጨምሮበት የተደፈረ ሰው፣ የእነሱም ናሙና እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይመጣል።

አሁን ወደ ማሽኑ። ማስ ስፔክትሮሜትር ዞሮ ዞሮ ሚዛን ነው። ሞለኪውሎችን በኤሌክትሪክ ይሞላና ክብደታቸውን ከሙሌታቸው ጋር አነጻጽሮ ቁጥር ይሰጥሻል። ከፊቱ ክሮማቶግራፍ አለ። እሱ ድብልቁን ኮለም በሚባል ቀጭን ቱቦ ውስጥ እያሳለፈ ይለያየዋል፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ደቂቃ ይወጣል። ከዚያ ማሽኑ ሞለኪውሉን ይመዝናል፣ ይሰብረዋል፣ ስብርባሪውንም ይመዝናል። ኮኬይን ለምሳሌ 304 ላይ ይታያል፤ ሲሰበር ጎልቶ የሚወጣው 182 ነው።

እስኪ አንድ ፒክ፣ ማለትም ማሽኑ አንድ ነገር ሲያገኝ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጉብታ፣ አብረን እንይ። ስክሪኑ ላይ 286 መጣ። ሞርፊን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ አንድ ፕሮቶን ሲጨመርበት 286 ላይ ይታያል። ታዲያ ሞርፊን ብለሽ ልትፈርሚ ነው? ቆይ። ክሎናዜፓም የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ተለውጦ 7-አሚኖክሎናዜፓም ይሆናል። የእሱም 286 ነው። ጥሩው ማሽን እዚህ ላይ ያግዝሻል። ኦርቢትራፕ ወይም ቶፍ የሚባሉት ዓይነቶች እስከ አራተኛው አሥርዮሽ ይመዝናሉ፤ ሞርፊኑ 286.1438፣ ሌላኛው 286.0742 ሆኖ ይወጣል። ተለያዩ፣ ተመስገን።

ሃይድሮሞርፎን ሲመጣስ? እሱም ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነው። እንደ ሞርፊን 17 ካርቦን፣ 19 ሃይድሮጂን፣ 1 ናይትሮጂን፣ 3 ኦክሲጅን አለው። አተሞቹ እኩል ናቸው፣ የተገጣጠሙበት መንገድ ብቻ ነው የሚለየው። አራት አይደለም አርባ አሥርዮሽ የሚያነብ ሚዛን ብታመጪ አይለያቸውም። የሚለያቸው ከኮለሙ የሚወጡበት ደቂቃና ሲሰበሩ የስብርባሪዎቻቸው መጠን እርስ በርስ ያለው ንጽጽር ነው። ይህን የምታውቂው ደግሞ የሁለቱንም ንጹሕ ስታንዳርድ፣ ማለትም ማንነቱ የታወቀ ማነጻጸሪያ፣ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ዘዴ አስኪደሽ ካየሽ ብቻ ነው።

እሺ፣ ሞርፊን መሆኑ ተረጋገጠ እንበል። ዳኛው የሚጠይቅሽ ግን ሌላ ነው፦ «ሄሮይን ወስዷል ወይ?» ሄሮይን ሰውነት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ 6-ሞኖአሴቲልሞርፊን፣ ቀጥሎ ሞርፊን ይሆናል። ኮዴይን የወሰደ ሰውም ሞርፊን ይገኝበታል። ሆስፒታል ሞርፊን የተሰጠውም እንደዚያው። የፖፒ ፍሬ የተነሰነሰበት ዳቦ የበላ ሰው እንኳ ሽንቱ ውስጥ ሞርፊን ሊኖር ይችላል። የሄሮይን ምልክት ያ መሀል ላይ ያለው ሞኖአሴቲል ነው፤ እሱ ደግሞ ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ካገኘሽው ትናገሪያለሽ። ካላገኘሽው «አልወሰደም» ማለት አትችዪም። ይህን ልዩነት ለዳኛና ለጠበቃ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት ከደመወዝሽ ግማሹን የምትቀበዪበት ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። ማሽኑ ፍርድ ቤት አይሄድም።

ቱቦው ውስጥም ነገሩ አርፎ አይቀመጥም። ኮኬይን ከተቀዳ በኋላም ደም ውስጥ መፈራረሱን ይቀጥላል፤ ለዚህ ነው ሶዲየም ፍሎራይድ ያለበት ቱቦ የሚመረጠው። ከሞት በኋላ ደግሞ አንዳንድ መድኃኒቶች ከሳንባና ከጉበት እየወጡ ወደ ልብ አካባቢ ደም ይገባሉ። ከልብ የተቀዳው ደም ከታፋ ሥር ከተቀዳው የበለጠ መጠን ሊያሳይ ይችላል። ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ከየት እንደተቀዳ ካልተጻፈ እኔ አላምነውም።

አንድ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ ማምሻ ላይ ትንሽ የሜታምፌታሚን ፒክ አየሁ። ደቂቃው ልክ፣ ስብርባሪው ልክ፣ ንጽጽሩ ልክ። «ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩና ቦርሳዬን አነሳሁ። የሚፈትሸኝ ሰው ወረቀቱን አየና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ከዚህ ናሙና በፊት የገባው ማነው?» ወደ ኋላ ሄደን አየን። ከእሱ በፊት የገባው ናሙና ፒኩ ጣሪያ ነክቷል። ባዶ ሟሟ በመሀል አሳልፈን ያንኑ ናሙና ደገምነው። ምንም የለም። የቀዳሚው ትራፊ መርፌው ላይ ቀርቶ ነበር። የመድኃኒቱን ስም አልተሳሳትኩም፤ የተሳሳትኩት ባለቤቱን ነው። ያ ሰውዬ ባይጠይቀኝ ኖሮ አንድ ምንም ያልወሰደ ሰው ወረቀቴን ይዞ ይጠየቅ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እዚህ ግን የሚመነጠረው ያልጠረጠረው አይደለም፣ ሌላ ሰው ነው።

የእኔ በአንድ ወረቀት ቀረ። ቶሮንቶ ውስጥ ማዘርሪስክ የሚባል ላብራቶሪ ነበር። የፀጉር ምርመራ ውጤቱ ልጆችን ከወላጆቻቸው በሚለዩ ጉዳዮች ላይ ጭምር ለዓመታት ሲቀርብ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ገለልተኛ ግምገማ ምርመራው ለፍርድ ሥራ በቂም አስተማማኝም አልነበረም ብሎ ደመደመ። ከጉድለቶቹ አንዱ ኢሚዩኖአሴይ የሚባለውን ፈጣን ማጣሪያ በማስ ስፔክትሮሜትር ሳያረጋግጡ እንደ መጨረሻ ውጤት መስጠታቸው ነው። ማጣሪያው ተመሳሳይ ቅርጽ ባላቸው ነገሮች ይታለላል። ለአፍንጫ መታፈን የሚወሰደው ሱዶኤፌድሪን አምፌታሚን መስሎ ሊወጣ ይችላል።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የፕሮግራሙን ስም ተይው። የኮርሱን ዝርዝር ገልጠሽ እይና ሁለት ነገር ፈልጊ፦ ተማሪ በእጁ ማሽን ላይ ስንት ሰዓት ይቆያል? ፋርማኮሎጂስ፣ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያስተምረው፣ አለው ወይ? አንዳንዱ የፎረንሲክ ፕሮግራም የጣት አሻራ፣ የደም ጠብታ፣ የጫማ ዱካ እያለ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ያቀምሳል። ደስ ይላል፤ ግን መርዝና መድኃኒት የሚመረመርበት የቶክሲኮሎጂ ክፍል ውስጥ አያስቀጥርሽም። እንደዚያ ዓይነት ከሆነ እኔ ብሆን ያለማመንታት አናሊቲካል ኬሚስትሪውን እመርጣለሁ፣ ፋርማኮሎጂውን በጎን እጨምራለሁ። ሁለቱንም የያዘ የፎረንሲክ ቶክሲኮሎጂ ፕሮግራም ካገኘሽ ግን እሱን ያዢ።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ «አዲስ ዘዴ» ፍለጋ አትባክኚ። አንድ የታወቀ መድኃኒት ውሰጂና ዘዴውን ከሥር መሠረቱ ፈትሺ። ስንት ድረስ ዝቅ ብሎ ያያል? ደሙ ራሱ ምልክቱን ይጫነዋል ወይ? ትራፊ ይቀራል ወይ? ላብራቶሪዎች ዕውቅና ለማግኘት አይኤስኦ 17025 በሚባለው ዓለም አቀፍ የላብራቶሪ መመዘኛ ሲመዘኑ ከሚጠየቁት ነገር አንዱ ይኸው ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስትቀርቢም ስለ ኢንተርናል ስታንዳርድ መጠየቅሽ አይቀርም። ሦስት ሃይድሮጂኑ በዲዩተሪየም፣ በከባዱ የሃይድሮጂን ዓይነት፣ የተተካ ሞርፊን መጀመሪያ ላይ ናሙናው ውስጥ ይጨመራል። ከእውነተኛው በ3 ይከብዳል፣ በሌላው ሁሉ እንደ እሱ ነው። በመንገድ ላይ ሞርፊኑ ከባከነ እሱም አብሮ ይባክናል፣ ስለዚህ ሒሳቡ አይዛባም። «እሱ በድንገት ቢጠፋ ምን ታደርጊያለሽ?» ቢሉሽ፣ «ውጤቱን አላወጣም፣ ምክንያቱን እፈልጋለሁ» በያቸው።

ሶፍትዌር ሥራሽን ይወስድብሽ እንደሆነ ፈርተሻል። ፒክ መልቀሙን አሁንም እሱ ነው የሚሠራው፣ ይሥራ። ነገር ግን እንደ ናይታዚን ያሉ አዳዲስ ኦፒዮይዶች፣ እንደ ሞርፊን የሚሠሩ ዕፆች፣ እየመጡ ነው። የሶፍትዌሩ ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም የሚያነጻጽርበት የታወቁ ንጥረ ነገሮች መዝገብ ውስጥ ያልገባን ነገር ሶፍትዌሩ በጣም የሚመስለውን ስም ለጥፎ ሊያልፈው ይችላል። ውጤቱ 90 በመቶ ይመሳሰላል ሲል ቀሪው 10 ምን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ፊልም ላይ የማይታየውን ደግሞ ልንገርሽ። ቀኑን ሙሉ ናሙና መቅዳት፣ መመዝገብ፣ የሚያፈስ ፓምፕ ማጥበቅ፣ የቆሸሸ የአዮን ምንጭ (ሞለኪውሎቹ በኤሌክትሪክ የሚሞሉበትን የማሽኑን ክፍል) ማጽዳት አለ። ናሙናው ማን ከማን እንደተረከበው የሚመዘገብበት ወረቀት አንድ ፊርማ ከጎደለው ያማረው ውጤትሽ ውድቅ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሰለቸሽ ሌላ መንገድ እናስብ።

ከሲቪሽ ላይ «በማስ ስፔክትሮሜትር ልምድ አለኝ» የምትለዋን መስመር አውጪያት። አንዴ ለጉብኝት ሄጄ አየሁት ብለሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል። ትምህርት ክፍላችሁ ውስጥ የቆየ ጋዝ ክሮማቶግራፍ እንዳለም ጽፈሻል። ቴክኒሻኑ መቼ እንደሚያጸዳው ጠይቂና የዚያን ቀን ጋውንሽን ይዘሽ ሂጂ።