መጀመሪያ ጫማ፣ ከዚያ ላባ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ቀሚስ ወገብና ስለ ኩታ ጥለት የሚያወሩትን ለሚቀጥለው እትም አቆይቻቸዋለሁ። ስለ ካሪቢያን ካርኒቫል፣ ስለዚያ የደሴቶቹ የመንገድ ጭፈራ በዓል፣ የጠየቃችሁኝ በዝታችኋላ! ጥያቄው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ቶሮንቶ ሳለሁ ከካሪቢያኗ ደሴት ከትሪኒዳድ ሰዎች ጋር የካርኒቫል ልብስ እሰፋ እንደነበር ነግሬያችኋለሁ። ጎንደር ተመልሼ ሱቅ ከከፈትኩ ወዲህ እጄ ከጥልፍ አልወጣም፤ ያኛው ሙያ ግን አልጠፋኝም። እንግዲህ በየተራ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከጥምቀት በኋላ የካሪቢያን ካርኒቫል ምሽት ልናዘጋጅ አስበናል። ሴቶቹ ቪዲዮ ላይ እንደምናየው ትልልቅ የላባ ክንፍ እንፈልጋለን። ገንዘባችን ግን ትንሽ ነው። ላባ ከየት ይገኛል? ቀኑስ መቼ ቢሆን ይሻላል? (ከማራኪ)

መልስ፦ ልጆቼ፣ ከቀኑ ልጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። የትሪኒዳድ ካርኒቫል የሚውለው የካቶሊኮቹ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል፣ ሰኞና ማክሰኞ ነው። በአጭሩ ቅበላ ነው። እኛ ሁዳዴ ሊገባ ሲል ሥጋ ስናሳድድ፣ እነሱ ለብሰው መንገድ ላይ ይወጣሉ። ጾሙ ከፋሲካ ጋር ስለሚሄድ ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል። በ2019 ዓ.ም. የካቲት 1 እና 2 ላይ ይውላል። የእናንተን ቅዳሜ ጥር 29 አድርጉት። ሰኞ ትምህርት አለባችሁ፤ ቅዳሜ ደግሞ ጾም አይደለም። ልብሱን ለማሰፋት ግን ከጥር 11 በፊት አትምጡብኝ። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያለ ከተማው በሙሉ እኔ ላይ ነው የሚዘምተው።

አሁን ወደ ክንፉ። ቪዲዮ ላይ የምታዩአቸው ባለ ትልልቅ ክንፎች ከሰልፉ ጥቂቶቹ ናቸው። ከፊት የሚሰለፉት፣ ብዙ ፎቶ የሚነሡት፣ ብዙም የከፈሉት እነሱ ናቸው። ከኋላ የሚመጣው ሕዝብ የራስ ጌጥ፣ የአንገትና የክንድ ጌጥ አድርጎ ነው የሚጨፍረው። እሱም ቢሆን ያምራል።

ቶሮንቶ የምንሰፋበት ቤት አንዲት የትሪኒዳድ ሴትዮ ነበሩ። አዲስ ሰው ሊለካ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያዩት እግሩን ነበር። «ምን ጫማ ይዘሃል?» ይሉታል። ወገቡን የሚለኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልክ ነበሩ። ጠዋት የወጣ ሰው የሚመለሰው ማታ ነው፤ አስፋልት ላይ፣ ያውም እየዘለለ። ስለዚህ ተረከዝ ያለው ጫማ ይቅርባችሁ። የለመዳችሁትን ስኒከር አድርጉ። ከልብሱ ጋር አልሄድ ካለ በዚያው ጨርቅ ሸፍኑት። አዲስ ከሆነ ደግሞ ከአሁኑ ፒያሳ ድረስ እየተመላለሳችሁ አለማምዱት።

የራስ ጌጡን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ቀጠን ያለ ግን በቀላሉ የማይጎብጥ ሽቦ ግዙ። ሽቦውን ግንባር ላይ ዞሮ ከጆሮ በላይ እንዲያርፍ በራሷ ልክ እጠፉት። ሹሩባ የምትሠራ ከሆነ ከሹሩባው በኋላ ለኩ። ይህን የምላችሁ በምክንያት ነው። ጎንደሬ ሴት ሹሩባ ስትሠራ የራሷ ልክ ይለወጣል፤ ትናንት ልክ የነበረው ዛሬ ግንባር ይቆርጣል። የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ወደ ውስጥ አጥፉና በፕላስተር ጠቅልሉት። ከዚያ በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ጠምጥሙበት፤ በሰያፍ ካልተቆረጠ ጥምዝ ላይ ይጨማደዳል። ግንባር በሚያርፍበት በኩል ስስ ስፖንጅ ስፉ፤ ላብ ይጠጣል። ከኋላ ላስቲክ።

ላባው ቤታችሁ ነው። ለገና ዶሮ የማይታረድበት ቤት የለም። የክንፍና የጅራት ላባውን ዶሮው ላይ የፈላ ውሃ ሳይፈስ በፊት ንቀሉ፤ ነጩን ከቀዩ ለዩ። ለብ ባለ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠቡ፤ ሽታው እስኪለቅ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። ርጥብ ላባ ሲያዩት ያስጠላል፤ አትደንግጡ። የጥር ፀሐይ ያደርቀዋል፤ በመጨረሻ በፀጉር ማድረቂያ ስትነፉት ተመልሶ ይፈካል። ቀለም መንከር የሚቻለው ነጩን ነው። ቀለሙ እንዲይዝ ውሃው ላይ ትንሽ አቼቶ ጨምሩ። አታፍሉት።

በሙጫ ብቻ መለጠፍ አይታመንም። ሁለት ሰዓት ከተዘለለ በኋላ መሬቱ ላባ በላባ ይሆናል። የላባውን ቀንበጥ ጫፍ አጥፋችሁ በክር ስፉት፤ ሙጫው ከዚያ ይምጣ።

ትልቁን ክንፍ የግድ ካላችሁ በላባ አትሙሉት። ቀርከሃ በቀጭኑ ሰንጥቁ፤ ለሙሽራ ቬሎ የሚሆነውን መረብ ጨርቅ ወጥሩበት፤ ላባ ከዳር ዳሩ ብቻ። ክብደቱ ትከሻ ላይ እንዲያርፍ እንደ ቦርሳ ማንገቻ ይኑረው። እንዲወልቅም ሆኖ ይሠራ። ክንፍ ለብሶ ባጃጅ መግባት አይቻልማ! የአዳራሹንም በር ቀድማችሁ ለኩ።

አንድ የምትረሱት ነገር አለ፤ ብርድ። እነሱ ያን ልብስ የሚለብሱት ባሕር ጠረፍ ላይ በሙቀት ነው። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ የጥር ሌሊት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ከሥር የቆዳ ቀለም ያለው ስስ ሹራብና ታይት ልበሱ። ከበሩ አጠገብ ጋቢ የሚጠብቅ ሰው ይኑር።

ለምግቡ ደብልስ ሥሩ። የትሪኒዳድ የመንገድ ምግብ ነው። በእርድ ቢጫ የሆነ ሁለት ስስ የተጠበሰ ቂጣ፣ መሐሉ ላይ በካሪ ቅመም የተቀቀለ ሽምብራ። ሥጋም ቅቤም የለውም፤ ቀናችሁ ወደ ዓርብ ቢዞር እንኳ አያስጨንቃችሁም። ለመጠጡ ደግሞ እነሱ ሶረል የሚሉት የእኛው ከርከዴ ነው። በዝንጅብል፣ በቅርንፉድና በቀረፋ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት።

ጥያቄ፦ እህቴ ለንደን ነው የምትኖረው። በነሐሴ መጨረሻ ለኖቲንግ ሂል ካርኒቫል እንድመጣ ቲኬት ልካልኛለች። ልብስም አስመዝግባልኛለች። ፎቶውን ሳየው ደነገጥኩ፤ ጡት መያዣና ዶቃ ብቻ ነው! የልጆች እናት ነኝ። ብቀር እህቴን አስቀይማለሁ፤ ብለብስ ራሴን። (ከአራዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትቅሪ። ልብሱን ግን ቀይሪ። አብሮ የሚሰለፈው ቡድን ልብሱን በየክፍሉ ነው የሚያዘጋጀው፤ ሸፈን ያለ ልብስ ያለው ክፍል ካለ እህትሽ ቶሎ ትጠይቅልሽ። ከሌለም ቲሸርት ለብሰው የሚሄዱ አሉ። ከዳር ሆኖ ማየትም ነውር የለበትም፤ አብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

እኔን ብትጠይቂኝ ግን የድሮዎቹን የካርኒቫል ገጸ ባሕርያት እመርጥልሻለሁ። በረጅም የእንጨት እግር ላይ የሚሄደው ሞኮ ጃምቢ አለ። ሰፊ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ካባ ለብሶ፣ አላፊ አግዳሚውን በንግግር የሚያስፈራራው የእኩለ ሌሊቱ ወንበዴ አለ። የቅኝ ግዛት ዘመን እመቤቶችን የምታሾፍባቸው ዴም ሎሬንም አለች፤ ረጅም ቀሚስ፣ ከፊትም ከኋላም በትራስ የተሞላ። እሷ ላንቺ ትሆናለች። ከአንገት እስከ እግር ሸፋኝ ናት፤ ሳቁ ደግሞ ያንቺ ነው። ዶቃና ላባው በኋላ የመጣ ነው። ጥንት ከባርነት ነፃ የወጡት ሰዎች መንገድ ላይ ሲወጡ ጌቶቻቸው ላይ ለማሾፍ ጭምር ነበር።

የለንደኑ ካርኒቫል የራሱ ታሪክ አለው። በ1958 እ.ኤ.አ. ኖቲንግ ሂል ውስጥ ጥቁሮች ላይ ጥቃት ተነሣ። በማግሥቱ ዓመት ጥር ላይ ክላውዲያ ጆንስ የተባለች የትሪኒዳድ ተወላጅ ጋዜጠኛ በአዳራሽ ውስጥ ካርኒቫል አዘጋጀች። ክረምት ነዋ፤ ውጭ አይሞከርም። መንገድ ላይ የወጣው በ1966 እ.ኤ.አ. ነው። አሁን በነሐሴ መጨረሻ እሑድና ሰኞ ይውላል። ፍልሰታ ይፈታል፤ ስለ ጾሙ አታስቢ።

ስትሄጂ ትንሽ የወገብ ቦርሳ፣ ውሃ፣ የጆሮ መድፈኛና ዝናብ ልብስ ያዢ። የድምፅ ማጉያዎቹ ደረት ውስጥ ነው የሚጮኹት። ከእህትሽ ጋር ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ስልኩ ያን ቀን አስቸጋሪ ነው። ነጭ ነጠላሽንም ቤት ተይው፤ ቀለምና ጭቃ የሚቀባቡ አሉ።

ጥያቄ፦ ዲጄ ነኝ። የካሪቢያን ምሽት እንዳጫውት ተጠይቄ ሬጌ አዘጋጅቻለሁ። በመሐል የጎንደር ጭፈራ ማስገባት እፈልጋለሁ። ይሄዳል? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሬጌ አትጣለው፤ ግን ካርኒቫል በሬጌ አይነሣም። ሬጌ የጃማይካ ነው፤ እኛም የምንቀርበው በእሱ ነው። ጃንሆይ በሚያዝያ 1958 ዓ.ም. ጃማይካ የገቡ ጊዜ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዚያ በፊት ትሪኒዳድን መጎብኘታቸውን ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። ካርኒቫሉን የሚያንቀሳቅሰው ካሊፕሶና ሶካ የሚባለው የትሪኒዳድ ሙዚቃ ነው። ሶካን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረው ሎርድ ሾርቲ ነው፤ ካሊፕሶን ትሪኒዳድ ካሉት ሕንዳውያን ምት ጋር አዋሐደው።

ቀስ ብለህ ጀምር። መጀመሪያ ማይቲ ስፓሮው፣ ሎርድ ኪችነር፣ ካሊፕሶ ሮዝ። ሰው ሲሞቅ አሊሰን ሃይንድስ፣ ማሼል ሞንታኖ። ፈጣኑ ሶካ በደቂቃ እስከ 160 ምት ይደርሳል። እሱን በላይ በላዩ ብትደራርበው ሕዝቡ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ወንበር ይፈልጋል።

የእኛን ጭፈራ በተመለከተ፦ ችክችካው ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ሶካ አራት አራተኛ። አንዱን በአንዱ ላይ ልታስኬድ ብትሞክር ትከሻውም ወገቡም ግራ ይጋባል። ሙዚቃውን ቁረጠው፣ መብራት ቀንስ፣ አዝማሪ አስገባ። ማሲንቆ ብቻ። የካሊፕሶ ዘፋኝም እንደ አዝማሪ እዚያው ግጥም እየፈጠረ ሰው ይሸነቁጣል፤ በዚህ ላይ ውድድር ሁሉ አላቸው። የኛው አዝማሪ ክንፍ ለብሰው የቆሙትን ልጆች ሲያይ የሚለውን መገመት አያቅትም። ከዚያ በኋላ እስክስታው በራሱ ጊዜ ይመጣል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮና ጸናጽል ግን ለዚህ አታምጡ። ያ ቦታው ሌላ ነው፤ አልከራከርበትም።

ጥያቄ፦ ብረታ ብረት ሠራተኛ ነኝ። የካርኒቫሉን የብረት ከበሮ ቪዲዮ አይቼ ወደድኩት። ባዶ የነዳጅ በርሜል አለኝ። መሥራት እችላለሁ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። እኔ ጨርቅ እንጂ ብረት አላውቅም፤ ግን ሲሠሩ አይቻለሁ። ስቲልፓን የሚባለው ነው። ትሪኒዳድን የሚገዙት እንግሊዞች በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ከበሮ ሲከለክሉ ሰዎቹ ቀርከሃ መሬት ላይ እየደበደቡ ጨፈሩ። ቀጥሎ ቆርቆሮ፣ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ ደግሞ በርሜል መጣ። ዛሬ ለስቲልፓን ባንዶች ብቻ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፓኖራማ የሚባል ውድድር አለ።

የሚሠራው 200 ሊትር ገደማ ከሚይዘው በርሜል ነው። የበርሜሉ ቂጥ በመዶሻ ቀስ እየተባለ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ እንደ ጎድጓዳ ሳህን እስኪሆን። ላዩ ላይ የእያንዳንዱ ድምፅ ቦታ ይሰመርና ዙሪያው ጫፉ ዱልዱም በሆነ መምቻ እየተመታ መስመር ይወጣለታል፤ አይበሳም። ጎኑ በሚፈለገው ቁመት ይቆረጣል። እሳት ላይ ይሞቃል። ከዚያ ድምፁን መቃኘቱ ይመጣል። ትልልቆቹ ቦታዎች ወፍራም ድምፅ፣ ትንንሾቹ ቀጭን ይሰጣሉ። ይህ ክፍል ጆሮ የሚጠይቅ ስለሆነ ኦርጋን የሚጫወት ጓደኛ አስቀምጥ።

በርሜሉ ነዳጅ የነበረበት ከሆነ ግን እሳትም መቁረጫም ከማስጠጋትህ በፊት በደንብ ይታጠብ። ባዶ የሚመስል በርሜል ውስጥ የቀረ ትነት ይፈነዳል፤ ይህን አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። የመጀመሪያው በርሜል እንዲሳካ አትጠብቅ፤ ልምምድ ይሁንህ። መዶሻውን ደግሞ ከሰዓት አድርገው፤ ጠዋት ጠዋት ጎረቤቶችህ ቅዳሴ ናቸው። ሲያልቅ ደውልልኝ፤ የማራኪ ልጆች ምሽት ላይ የሚመታልን እንፈልጋለን።