ክረምት ሳይገባ ግቢዬን ሬንጅ ላስቀባ ወይ ላሉን እህታችን

ሰላም እህታችን። ሌሎችም እንዲከታተሉት ጥያቄዎን ባጭሩ ልድገመው። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ግቢዎ ውስጥ ወደ 120 ካሬ የሚሆን አስፋልት አለ፤ ከተነጠፈ 7 ዓመት ሆኖታል፤ ጥቁረቱ ጠፍቶ ግራጫ ሆኗል፤ እዚህም እዚያም መሰንጠቅ ጀምሯል። አንድ ሠራተኛ ደግሞ «ሬንጅ በናፍጣ አቅጥኜ ልቀባልዎ፣ ክረምት ሳይገባ ይድረስ» ብሎዎታል። አብሽሩ፣ አስፋልቱ ገና የሚድን ነው። ከክረምት በፊት መቀባቱም ትክክል ነው። ናፍጣውን ግን አይቀበሉ። ከቅቡ በፊት ውሃውና ስንጥቁ ካልተያዙ ደግሞ ቅቡ ራሱ ገንዘብ ማባከን ነው።

መጀመሪያ ስለ ናፍጣው። ሬንጅም ናፍጣም ከድፍድፍ ነዳጅ የሚወጡ ስለሆኑ አንዱ ሌላውን ያሟሟል። ናፍጣው ከሥር ያለውን ጤነኛ አስፋልት ጭምር ያለሰልሳል። እንደ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ አያልቅም፤ ውስጥ ገብቶ ይቆያል። ጄኔሬተር ወይም የጭነት መኪና ሲቆምበት የኖረ አስፋልት ላይ ሄደው ይዩት፤ ናፍጣ የተንጠባጠበበት ቦታ በቁልፍ ጫፍ ሲጫኑት ይሰረጉዳል፣ ጠጠሩም በጣት ይነቀላል። አዲስ የተቀባ ሰሞን ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ሰው ይወደዋል። ከዚያ ፀሐይ ሲያገኘው ጎማና ጫማ ላይ ይጣበቃል፣ ዝናብ ሲያገኘው ያዳልጣል። በዚያ ላይ ከሥሩ እሳት እየነደደ በጋለ ሬንጅ ላይ ናፍጣ መጨመር ሰው የሚያቃጥል ሥራ ነው። ኤምሲ 30 የሚባለውን ያመጡልዎም ይኖራሉ። እሱ በነጭ ጋዝ የቀጠነ ነው፤ ሥራው አስፋልት ከመነጠፉ በፊት የጠጠሩን መደብ ማጠጣት ነው፤ ላይ ለመቀባት አይሆንም።

አስፋልቱ ለምን ግራጫ ሆነ? ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ፀሐይዋ አትሞቅም ብለን እንንቃታለን እንጂ ጨረሯ ኃይለኛ ነው። ፀሐይና አየር ተባብረው ላይ ላዩን ያለውን ሬንጅ ያደርቁታል፤ ሲደርቅ ይሰባበራል፤ ጥቃቅኑ አሸዋ ይታጠብና ጠጠሩ አግጦ ይወጣል። ስለ አስፋልት ቅብ የሚነበበው ምክር አብዛኛው የተጻፈው መሬቱ ራሱ በረዶ ለሚሠራበት አገር ነው። እኛ ዘንድ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊት ላይ መጥቶ ጠዋት በፀሐይ ይጠፋል፣ ወደ መሬት ጠልቆ አይገባም። የእኛን አስፋልት የሚገድለው በስንጥቁ የሚገባው የበልግና የክረምት ውሃ ነው። ውሃው ከሥር ያለውን ሰሌክት፣ ማለትም የተጠቀጠቀውን የአፈርና የጠጠር መደብ፣ ያላላዋል፤ መኪና ሲረግጠው ጭቃው በስንጥቁ ወደ ላይ ይተፋል፤ ቀስ በቀስ ሥሩ ባዶ ይሆንና ይሰምጣል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተራል፤ ከጠርዙ ጋር ትይዩ የሚሄደው ረጅም ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የእሱ ሥራ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፣ ስንጥቁ እንደ አዞ ቆዳ በትናንሽ ቁርጥራጭ የተያያዘ ከሆነና ሲረግጡት የሚንቀሳቀስ ከሆነ ችግሩ ከሥር ነው። እዚያ ቦታ ቅብ ምንም አያደርግም፤ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ፣ የራሰው አፈር ወጥቶ፣ አዲስ ሰሌክት ተጠቅጥቆ እንደገና አስፋልት መግባት አለበት። ሁለተኛ፣ ደህና በሚመስለው ቦታ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ያፍስሱ። ውሃው ተንከባሎ ከሄደ ገጽታው ገና ዝግ ነው፣ ስንጥቁን ብቻ መድፈን ይበቃል። እዚያው ሰርጎ ጥቁር እርጥብ ምልክት ከተወ ግን ቅብ ይፈልጋል።

ቀጥሎ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ይዩ። የአሸንዳው ቱቦ አስፋልቱ ላይ የሚተፋ ከሆነ እስከ ቦዩ ድረስ በቱቦ ያድርሱት፤ አንድ ቦታ ላይ ክረምቱን ሙሉ የሚወርድ ውሃ የትኛውንም ቅብ ይቦረቡራል። አስፋልቱ ቢያንስ በሜትር 2 ሴንቲሜትር ዘቅዘቅ ማለት አለበት። ዝናብ ካባራ ከአንድ ሰዓት በኋላም ውሃ የሚያቁር ጎድጓዳ ካለ፣ ቅቡ እዚያ ቀድሞ ይላጣልና አስቀድሞ በአስፋልት ይሞላ። ጠርዙ ላይ አፈሩ ተሸርሽሮ አስፋልቱ እንደ መደርደሪያ ከቀረ እስከ ላይኛው ገጽ ድረስ አፈር ይሙሉለትና ይጠቅጥቁት።

አሁን ስንጥቁ። ድካሙም ጥቅሙም ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። የክብሪት እንጨት የማያስገባውን ቅቡ ራሱ ይዘጋዋል። ከዚያ እስከ 2 ሴንቲሜትር የሚሰፋውን በሬንጅ ይድፈኑ። ከ2 ሴንቲሜትር በላይ የሆነው ሬንጅ ብቻውን አይሞላውም፤ አሸዋና ጥቃቅን ጠጠር ያለበት የአስፋልት ድብልቅ ይፈልጋል። ስንጥቅ ውስጥ የበቀለ ሰርዶ ካለ ከነሥሩ ይነቀል፤ ላዩን ብቻ ካጨዱት ቅቡን ቀዶ ይወጣል። ከዚያ በጠፍጣፋ ካቻቢቴና በሽቦ ብሩሽ እስከ ውስጥ ይፋቅ፣ በጎሚስታ ኮምፕረሰር አቧራው ይነፋ። ውስጡ እርጥብ ከሆነ ሬንጁ አይዝም፣ ሁለት የፀሐይ ቀን ይጠብቁ። ጥልቅ ከሆነ 2 ሴንቲሜትር እስኪቀረው ድረስ ደረቅ አሸዋ ይሙሉና ይጠቅጥቁት፤ አለበለዚያ ሬንጁ ወደ ታች ሲጠፋ ይውላል።

ለመድፈን 60/70 ወይም 80/100 የሚባለው ሬንጅ ይሆናል፤ ቁጥሩ የሬንጁ ጥንካሬ ደረጃ ነው። እስከ 150 ወይም 160 ዲግሪ ያሙቁት፤ ጭሱ ከበዛ አልፏል ማለት ነው፣ የተቃጠለ ሬንጅ ደግሞ ሲበርድ ይሰባበራል። የውሃ ጠብታ ወይም እርጥብ አሸዋ ካገኘው ገንፍሎ ይፈናጠራል፤ ስለዚህ ማሰሮው፣ ጭልፋውና አሸዋው ሁሉ ደረቅ ይሁን፤ ሠራተኛውም የቆዳ ጓንትና ረጅም እጅጌ ይልበስ። ሬንጁ ሲበርድ ስለሚወርድ በሁለት ጊዜ ያፍስሱት፤ መጨረሻ ላይ ከአስፋልቱ ገጽ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ይበል። ሞልቶ ከተረፈ ጎማ እየነቀለ ይወስደዋል። 1 ሴንቲሜትር ሰፍቶ 2 ሴንቲሜትር የጠለቀ ስንጥቅ በአንድ ሜትር 0.2 ሊትር ይበላል፤ 30 ሜትር ስንጥቅ ካለዎት 6 ሊትር ይበቃል። ላዩ ላይ ደረቅ አሸዋ ይነስንሱበት።

ስለ ጊዜው፣ በደሴ ከግንቦት 10 ገደማ እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለውን ይያዙ። በልጉ ቀለል ይላል፣ ክረምቱ አልገባም፣ ሌሊቱም ከዓመቱ ሞቅ የሚለው ያኔ ነው። ሕጉ ይህ ነው፤ አየሩም መሬቱም ከ10 ዲግሪ በላይ ይሁን፣ ለ24 ሰዓት ዝናብ አይምጣ። ብዙ ሰው «በጋው ደረቅ ነው» ብሎ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ያስቀባል። ቀኑ ደረቅ ነው፤ ሌሊቱ ግን ይበርዳል፣ ጤዛም አለ። በናፍጣው ፋንታ የሚቀባው ኢመልሽን ይባላል፤ ሬንጅ በውሃ ውስጥ በጥቃቅኑ የተበተነበት ፈሳሽ ነው፤ ውሃው ወጥቶ የሬንጁ ጠብታዎች እርስ በርስ ካልተያያዙ ጠዋት በእጅ ሲያሹት ይነሳል። ሁለተኛው አማራጭ ከመስቀል በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። በየትኛውም ወር ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ጤዛው ሲደርቅ ይጀምሩና 6 ሰዓት ላይ ያቁሙ፤ ከሰዓት በኋላ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሳይመጣ ጥሩ ፀሐይ ያግኝ።

የሚገዙት ቀስ ብሎ የሚረጋ የመንገድ ኢመልሽን ነው፤ በርሜሉ ላይ ኤስኤስ 1 ወይም ሲኤስኤስ 1 ተብሎ ይጻፋል። ለመሠረትና ለጣሪያ ውሃ መከላከያ የሚሸጠውን ጎማ ያለበትን ጥቁር ቅብ አይግዙ፤ እሱ ቆዳ ሠርቶ ይቆይና መሪ ሲዞርበት ይገፈፋል። በርሜሉን አንከባለው ካማሰሉት በኋላ በዱላ ይመርምሩ፤ የማይሟሟ እብጥ ካለ አይውሰዱ። ውርጭ ያገኘው ኢመልሽንም ይበላሻልና ማደሪያው ቤት ውስጥ ይሁን።

የሚቀባው አንድ እጅ ኢመልሽን በአንድ እጅ ንጹሕ ውሃ ቀጥኖ ነው። ውሃው ወደ ኢመልሽኑ ይጨመር፤ ከተገለበጠ ይቋጠራል። መጀመሪያ አንድ ሊትር ብቻ አዋሕደው በወንፊት ያሳልፉ፤ ቅንጣት ከቀረ ውሃው አልተስማማውም፣ ሌላ ውሃ ይሞክሩ። ቅቡ ሁለት ዙር ነው፤ ለ120 ካሬ የመጀመሪያው ዙር በካሬ 0.4 ሊትር፣ ሁለተኛው 0.25 ሊትር፣ በድምሩ 78 ሊትር ይሆናል፤ ማለትም 39 ሊትር ኢመልሽንና 39 ሊትር ውሃ። ግን አስፋልቶች አንድ ዓይነት ስላልሆኑ አስቀድመው አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላይ 0.4 ሊትር ይሞክሩ። ከ20 ደቂቃ በኋላም ላዩ ላይ ቆሞ ከቀረ ወደ 0.3 ያውርዱት፤ ወዲያው ጠጥቶ ከጨረሰ 0.5 ያድርጉት።

በዋዜማው አስፋልቱ ይጠረግ፣ ይታጠብና አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። የዘይት ጠባሳ በኦሞና በፈላ ውሃ ይታሽ፤ ሥሩ ከለሰለሰ ግን ማሸት አይበቃም፣ ተቆርጦ ይውጣ። የቦዩን አፍ በአሸዋ ከረጢት ይዝጉ፤ ድንገት ዝናብ ቢመጣ ያልረጋው ቡናማ ቅብ ወደ ቦርከና ወንዝ እንዳይወርድ። ግድግዳና ሴራሚክ በላስቲክ ይሸፈን፤ ቅቡ ቡናማ ሳለ በውሃ ይለቃል፣ ከጠቆረ በኋላ ግን አስቸጋሪ ነው።

ግቢውን በጠመኔ በ10 ካሬ ይከፋፍሉና ለያንዳንዱ 4 ሊትር ብቻ ይስጡ፤ ሠራተኛ ሁሉ እጁ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። ከቤቱ በኩል ጀምረው ወደ በሩ ይውጡ። በአትክልት ማጠጫ ረጭተው ወዲያው በለስላሳ ብሩሽ ወይም በጎማ መጥረጊያ ያዳርሱት። ቡናማው ፈሳሽ ሲረጋ ይጠቁራል። ሁለተኛው ዙር በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ለ10 ካሬ 2 ሊትር ተኩል፤ ገና ቡናማ ሳለ የተነፋ ደረቅ የድንጋይ አሸዋ በካሬ ግማሽ ኪሎ፣ በጠቅላላው 60 ኪሎ ይነስንሱ። አሸዋውን እንዳይተዉት፤ ያለ አሸዋ የተቀባ ዳገት ዝናብ ሲነካው ሰው ይጥላል። መግቢያው ላይ አሸዋውን ወደ አንድ ኪሎ ያሳድጉት። ዳገቱ በሜትር ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ እዚያ አይቀቡ፣ ስንጥቁን ብቻ ይድፈኑ።

መኪና ለ48 ሰዓት አይግባ፤ ግንቡ ጥላ በሚጥልበት በኩል 72 ሰዓት ይሁን። ለአንድ ሳምንት ቆሞ መሪ ማዞር አይፈቀድም። ከተላጠ አቧራ፣ ዘይት ወይም እርጥበት ነበረ ማለት ነው። ከተጣበቀ በዝቷል፤ ደረቅ አሸዋ ነስንሰው ይጥረጉት። ዝናብ ከቀደመዎት የታጠበውን ቦታ ብቻ አድርቀው ይድገሙ፣ ጠቅላላውን አይቀቡ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ወደ 1,850 ሜትር ስለሆናችሁ ሌሊቱ አያስቸግራችሁም። የእናንተ ችግር ሙቀቱ ነው፤ ሬንጅ ከበዛ ቀትር ላይ ይላወሳል። በካሬ 0.3 ሊትር ጀምሩና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግቡ።

እድሳቱ በ3 ወይም በ4 ዓመት ነው፤ ያውም የውሃ ብርጭቆው ሙከራ ሲጠይቅ ብቻ። በየዓመቱ የሚደራረብ ቅብ ይወፍርና ራሱ ይሰነጠቃል። አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ያላችሁም ቢያንስ 6 ወር ሳይሞላው አትቀቡ። ስንጥቁን ግን በየዓመቱ ግንቦት ላይ ይዩት። ጄኔሬተር ካለዎት ከሥሩ ሰፊ የቆርቆሮ ትሪ ያስቀምጡ፤ ይህ ቅብ ናፍጣን አይቋቋምም።