ያለ ስጦታ አልጫወትም ያለችው ልጅ

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። አፏን ሳትፈታ ጀምሮ የሰማችውን ዜማ ታንጎራጉር ነበር። ለልደቷ አጎቷ አነስተኛ ኪቦርድ ገዛላት። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር እንድትጫወት እንጠይቃታለን፤ ስትጨርስም አያቷ ስጦታ ይሰጧታል። አሁን ግን «ምን ትሰጡኛላችሁ?» ሳትል አትጀምርም። ማታ ኪቦርዱ ሲዘጋ ወለል ላይ ተንከባላ ታለቅሳለች፤ እኔም አንዳንዴ ተሸንፌ እከፍትላታለሁ። ባለቤቴ «አሞላቅቀሻታል» እያለ ኪቦርዱን ከቤት ሊያወጣው ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ሙዚቃ የልጅን አእምሮ እንደሚያጎለብት ስለሰማሁ ተሰጥኦዋ ሳይቀጭ አስተማሪ ልቀጥርላት አስቤአለሁ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም እየጠራችሁ ስለምትከራከሩ ለማናችሁም መፍረድ አልችልም። የማታው ልቅሶ ከሙዚቃ ጋር ብዙ ግንኙነት የለውም፤ በኪቦርዱ ፋንታ ብስክሌት ወይም ስልክ ቢሆን ኖሮም ያው ልቅሶ ይመጣ ነበር። «ምን ትሰጡኛላችሁ?» ማለቷም ሞልቃቃ አያሰኛትም። መጫወት ዋጋ እንዳለው ትልልቆቹ በስጦታ አስተማሯት፤ እሷም ዋጋውን ጠየቀች።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪን እና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን መርጠው አጠኑ። ለአንዳንዶቹ «ከሣላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሌሎቹን ምንም ሳይነግሯቸው ከሣሉ በኋላ ሸለሟቸው። የቀሩት ምንም አላገኙም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቹ የፈለጉትን እንዲጫወቱ ሲለቀቁ፣ ሽልማት ቃል ተገብቶላቸው የነበሩት በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ያህል ብቻ ነበር። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ችግሩ ስጦታው ራሱ አልነበረም። ልጆቹን ከሥዕል ያራቃቸው አስቀድሞ የተገባው ውል ነው።

በእናንተ ቤትም የሆነው ይኸው ይመስለኛል። ሕፃን ብቻውን ሲጫወት አንዷን ቁልፍ ሃያ ጊዜ ይነካል፣ ያበላሻል፣ ይስቃል፣ የራሱን ዜማ ይፈጥራል። እንግዳ ፊት ይህ ሁሉ የለም፤ ያው የታወቀው ዜማ ያለ ስሕተት ተጫውቶ ይጨበጨባል። ጭብጨባው ልጅቷን ደስ ቢያሰኛትም፣ እውነቱን ለመናገር ይበልጥ ደስ የሚለው ለወላጆቿ ነው። በዚህ አልወቅሳችሁም፤ ነገር ግን እንግዳ ሲመጣ «ተጫወቺላቸው» ማለቱን ከዛሬ ጀምሮ ተዉት። ራሷ ፈልጋ ከተነሣች ትጫወት፤ ማንም ወሬውን አቋርጦ እንዲያዳምጥ አይገደድ።

ዋጋ ስትጠይቅም ሳትቆጧት «ዛሬ ለጨዋታ የሚሰጥ ነገር የለም፤ ካልፈለግሽ አትጫወቺ» በሏት። ምናልባት ለሳምንታት ኪቦርዱን አትነካው ይሆናል። በዚያን ጊዜ ደንግጣችሁ አታባብሏት፤ ካባበላችኋት ውሉ ተመልሶ ይመጣል። የአያቷን ነገር ደግሞ በዘዴ ያዙት። እሳቸውን ሳያስቀይሙ ስጦታው ከጨዋታው ጋር ሳይያያዝ በሌላ ቀን ቢሰጥ እንደሚሻል ይንገሯቸው፤ እግረ መንገድዎንም የልጅነት ዘፈኖቻቸውን እንዲያስተምሯት ይጠይቋቸው። ከስጦታቸው ይልቅ ይህ የሚቀርላት ይመስለኛል።

ወደ ማታው ልቅሶ ስንመጣ ባለቤትዎ ሥርዓት ያስፈልጋል ማለታቸው ልክ ነው። ኪቦርዱን ከቤት ማውጣት ግን ቅጣት እንጂ ሥርዓት አይደለም። ነገሩን ያከበደው «አንዳንዴ» ያሉት ቃል ነው። አንዳንድ ቀን ብቻ የሚሳካ ልቅሶ ሁልጊዜ ከሚሳካው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል፤ ልጅቷ ዛሬ ባይሆን ነገ እንደሚሠራ ታውቃለችና። ቋሚ ሰዓት ወስኑ። ከመዝጋታችሁ በፊት «አንድ ዜማ ትጫወቻለሽ፣ ከዚያ እንዘጋዋለን» በሏትና ቃላችሁን ጠብቁ። ስታለቅስ አጠገቧ ሆነው «መዝጋቱ እንዳስከፋሽ አያለሁ» ይበሏት እንጂ አይክፈቱላት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቅሶው ከበፊቱ ሊብስ ይችላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሌላም ነገር ልጨምር። ኪቦርዱን የሚዘጉት እርስዎ ይሁኑ። ሲሸነፉ የኖሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ መዝጋቱን ለአባቷ ከተዉት እሱ ክፉ፣ እርስዎ አዳኝ ትሆናላችሁ። ክርክራችሁንም እሷ ከተኛች በኋላ አድርጉት።

ሙዚቃ አእምሮን ያጎለብታል ስለሚባለው አጭር ነገር ልበል። ወሬው በስፋት የተናኘው እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣ ጥናት በኋላ ነው። ተጠኚዎቹ ሕፃናት ሳይሆኑ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ፤ የሞዛርትን ሙዚቃ ለአሥር ደቂቃ ሰምተው በአንድ የፈተና ዓይነት ያሳዩት መሻሻልም ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ነበር። ልጅዎን ለብልህነት ብለው ሙዚቃ አያስተምሯት፤ ሙዚቃን መውደዷ በቂ ምክንያት ነው። ስለ ተሰጥኦዋም በአምስት ዓመቷ መተንበይ አይቻልም፤ መተንበይም አያስፈልግም።

ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ለትንንሽ ልጆች የተጠቀሙበት ዘዴ ለእናንተ ይስማማል ብዬ አስባለሁ። መጀመሪያ መሣሪያውን የምትማረው እናት ናት። ልጁ እያያት ይቆያል፤ «እኔም ልሞክር» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ አይሰጠውም። እርስዎም አንዳንድ ቀን ማንንም ሳይጠሩ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጠው ቀላል ዜማ ይሞክሩ። ይሳሳቱ፣ ይድገሙ። ከመጣች ቦታ ይልቀቁላት ወይም አብረው ይጫወቱ። «አንቺ ጎበዝ» ከማለትም የሰሙትን ይንገሯት፤ «መጨረሻውን ቀስ አድርገሽ ጨረስሽው» ቢሏት ማዳመጥዎን ታውቃለች።

አስተማሪ መቅጠሩን ለጊዜው ያቆዩት። ማንም ሳይጠይቃት ወደ ኪቦርዱ መሄድ ስትጀምርና ስለ ስጦታ ማንሣት ስትተው፣ መማር ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቋት። በዚህ ዕድሜ የሚሻለው ልጆች በቡድን የሚዘፍኑበት፣ የሚያጨበጭቡበትና የሚንቀሳቀሱበት አጭር ትምህርት ነው። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አብረዋት ይቀመጡ። እስኪያልቅ ድረስ ከልጆቹ አንዱም ካልሳቀ ሌላ አስተማሪ ይፈልጉ።