መልስ፦ ስፖርት ሳይንስ ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

እህቴ፣ «ጅማ ነኝ፣ 12ኛ ክፍል ናቹራል፤ የተጎዱ ተጫዋቾችን ማከም እፈልጋለሁ፣ ስፖርት ሳይንስ ልግባ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። «ማከም» ካልሽ መልሱ ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ጉዳትን በአካል እንቅስቃሴና በእጅ የሚያክም የጤና ሙያ ማለት ነው።

ስፖርት ሳይንስ እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ጥሩ ትምህርትም ነው፤ ግን የሚያወጣው አሠልጣኝ፣ የአካል ብቃት ባለሙያና መምህር ነው። የጤና ባለሙያ ፈቃድ አያሰጥም። ብዙ ልጅ ይህን የሚያውቀው ከተመረቀ በኋላ መሆኑ ያሳዝነኛል።

ልዩነቱን በአንድ ጉልበት እይው። ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ተበጥሶ በቀዶ ጥገና የተተካለት ተጫዋች መጀመሪያ ጉልበቱን ሙሉ በሙሉ መዘርጋት አለበት። ይህ ከዘገየ ያነክሳል፣ የፊት ጭኑም ይሟሽሻል። ፊዚዮቴራፒስቱ መታጠፊያውን በዲግሪ፣ የጭኑን ውፍረት በሴንቲሜትር ይለካል፤ ጥንካሬው ከጤነኛው እግር ቢያንስ 90 በመቶ እስኪደርስ፣ ብዙውን ጊዜም 9 ወር እስኪሞላ፣ ለግጥሚያ አይለቀውም። ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱንና ትንፋሹን የሚመልስለት የስፖርት ሳይንሱ ሰው ነው።

ፊዚዮቴራፒ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል፤ ከቤት መራቁን ከወዲሁ ተዘጋጂበት። ምደባው በውጤት ስለሆነ ባዮሎጂና ፊዚክስ ላይ በርቺ፤ የፍሬሽማን ውጤትሽንም አደራ። ደግሞ በሥራ ላይ ከተጫዋች ይልቅ ስትሮክ የመታውና ወገቡን የሚያመው ሰው ይበዛብሻል። የምርጫ ቅጹን ከመሙላትሽ በፊት ፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለው ሆስፒታል አስፈቅደሽ ሁለት ቀን ተመልከቺ።