ምድር ዕድሜዋ በምን ታወቀ? እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ስለ ምድር አፈጣጠር የላካችኋቸው ጥያቄዎች ተጠራቅመዋል። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረዘም ያሉትን አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ምድር 4.54 ቢሊዮን ዓመቷ ነው ይላሉ። ማን አይቶ ነው? ያኔ ሰው የለ!

ሰው ባይኖርም ድንጋይ ነበር። ድንጋይ ውስጥ ያለው ዩራኒየም የተባለ ንጥረ ነገር በራሱ ጊዜ እየተለወጠ መጨረሻ ላይ እርሳስ ይሆናል። ቢሞቅም ቢበርድም ፍጥነቱ አይዛነፍም። ዩራኒየም 238 ከሚባለው ዓይነት ግማሹ ወደ እርሳስ ለመለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ዩራኒየም 235 የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ቸኩሎ በ704 ሚሊዮን ዓመት ግማሹ ያልቃል። በአንድ ድንጋይ ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ ማለት ነው። ሁለቱ ከተስማሙ ቁጥሩን ማመን ይቻላል። ካልተስማሙ ድንጋዩ መሃል ላይ የሆነ ነገር ደርሶበታል።

በዚህ መንገድ ዛሬ የምንጠቀምበትን ቁጥር ያገኘው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ክሌር ፓተርሰን ነው። ከለካቸው ነገሮች አንዱ አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ከሰማይ ወድቆ ትልቅ ጉድጓድ የቆፈረው የብረት ሚቲዮራይት ስባሪ ነበር። በ1956 ያሳተመው ውጤት 4.55 ቢሊዮን ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ሁሉ ተራቀቀ፣ ቁጥሩ ግን እምብዛም አልተነቃነቀም።

ሳልረሳው፦ ፓተርሰን ሲለካ መጀመሪያ ላይ ነገሩ አልገጥም ብሎ አስቸግሮት ነበር። ለካ ላቦራቶሪው ራሱ በእርሳስ ተበክሎ ኖሯል። ይህን ሲከታተል ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው እርሳስ ዓለምን እየበከለ እንደሆነ ደረሰበት፤ እርሳሱ እንዲወጣም ለዓመታት ሲሟገት ኖረ። ለእኔ ከዕድሜው ቁጥር ያልተናነሰ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ለምን ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ይለካሉ? የምድር የራሷ የመጀመሪያ ድንጋይ የት ገባ?

ምድር ድንጋይ አታስቀምጥም። ታቀልጠዋለች፣ ትሸረሽረዋለች፣ ወደ ውስጥ መልሳ ትውጠዋለች። የውቅያኖስ ወለል አብዛኛው 200 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አይሞላውም። ሚቲዮራይቶቹ ግን ከምድር ጋር በአንድ ዘመን ተፈጥረው እስኪወድቁ ድረስ ብዙ የነካቸው ነገር አልነበረም።

ያም ሆኖ ትንሽ ነገር ተርፏል። ምዕራብ አውስትራሊያ ጃክ ሂልስ በሚባል ቦታ ዚርኮን የተባሉ ቅንጣቶች ተገኝተዋል። መጠናቸው ከአሸዋ ቅንጣት አይበልጥም። ከሁሉ የቆየው ዕድሜው 4.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ዚርኮን ሲፈጠር ዩራኒየምን ያስገባል፣ እርሳስን ግን አይቀበልም። ስለዚህ አሁን ውስጡ ያለው እርሳስ በሙሉ ማለት ይቻላል እዚያው የተወለደ ነው። የኦክስጅናቸው ዓይነት ደግሞ ውሃ ከነካው ድንጋይ እንደተገኙ ይጠቁማል። ስለዚህ የመጀመሪያዋን ምድር ዘመኑን ሁሉ እሳት ብቻ አድርገው የሚስሉ ሥዕሎችን በጥርጣሬ ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ኦክስጅኑን ያመጡት ዛፎች ናቸው አይደል?

አይደሉም። ዛፍ ሲመጣ ኦክስጅን አየር ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት በፊት አየሩ ውስጥ ኦክስጅን የለም በሚባል ደረጃ ነበር። ማስረጃው ቀላል ነው። ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለ፤ ኦክስጅን ባለበት ወንዝ ውስጥ ዝጎ ይጠፋል። ከዚያ ዘመን ቀድመው በተጠራቀሙ የወንዝ ደለሎች ውስጥ ግን ወንዙ አንከባሎ ያድቦለቦላቸው የፒራይት እንክብሎች አሉ። ከዚያ በኋላ ይጠፋሉ።

ሥራውን የሠሩት ሳይኖባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው። መጀመሪያ ላይ የሚያወጡት ኦክስጅን አየር ላይ መድረስ አልቻለም። የያኔው ባሕር በሟሟ ብረት የተሞላ ስለነበር ኦክስጅኑን ይይዘዋል፤ ብረቱም እየዛገ ወደ ታች ይዘቅጣል። ዛሬ በአውስትራሊያ ሐመርስሊ ከሚቆፈረው የብረት ማዕድን ብዙው እንዲህ ባለ የባሕር ዝቃጭ የተጀመረ ነው። ድንጋዩ ሲቆረጥ ቀይና ጥቁር መስመሮች ተደራርበው ይታያሉ።

አንድ የሚዘነጋ ነገር ልጨምር። ተክል ያወጣው ኦክስጅን ተክሉ ሲበሰብስ ተመልሶ ይበላል። ሂሳቡ ዜሮ ነው። ትርፍ የሚገኘው ከተረፈ አካሉ ጥቂቱ ሳይበሰብስ በደለል ሥር ሲቀበር ብቻ ነው። አየራችን 21 በመቶ ኦክስጅን ሊይዝ የቻለው በመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ በተቀበረው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ቀን ሁልጊዜ 24 ሰዓት ነበር?

አልነበረም። ጨረቃ በማዕበል አማካይነት የምድርን ሽክርክሪት ትጎትታለች፤ እሷም በየዓመቱ 3.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርቃለች። ይህ የሚለካው የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ በተዉት መስታወት ላይ ሌዘር በማብራት ነው። የድሮውን ቀን ርዝመት ደግሞ ኮራል የሚባሉ የባሕር እንስሳት ይነግሩናል፤ አንዳንድ ኮራል በየቀኑ ቀጭን መስመር ይሠራል። በ1963 የቅሪተ አካል ተመራማሪው ጆን ዌልስ የዴቮንያን ዘመን (ከ419 እስከ 359 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ) ኮራሎችን መስመር ቆጥሮ በዓመት 400 ገደማ መስመር አገኘ። የዓመቱ ርዝመት ብዙም ስላልተለወጠ፣ የያኔው ቀን 22 ሰዓት ገደማ ነበር ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ውሃችን የመጣው ከጅራታም ኮከብ ነው?

ዋናው ምንጭ እሱ አይመስልም። ሮዜታ የተባለችው መንኰራኩር በ2014 አንዱን ጅራታም ኮከብ ቀርባ ለክታለች። በውሃው ውስጥ ከባዱ የሃይድሮጅን ዓይነት ያለው ድርሻ ከውቅያኖሳችን ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። በውሃ የበለፀጉ አስትሮይዶች (ፀሐይን የሚዞሩ ድንጋያማ አካላት) ግን በዚህ ድርሻ ከውቅያኖሳችን ጋር ይበልጥ ይመሳሰላሉ።

ጥያቄ፦ የአየር ንብረት ድሮም ይለዋወጥ ነበር። አሁን ምን አዲስ ነገር መጣና ነው ጩኸቱ?

ይለዋወጥ ነበር፣ ልክ ነዎት። ከ700 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በረዶ እስከ ምድር ወገብ ደርሷል። አዲሱ ነገር ፍጥነቱ ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ አየሩ ውስጥ ያለው ሙቀት አፋኝ ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ከሚሊዮን 80 እጅ ያህል ጨመረ፤ ይህን ለማድረግ ሺህ ዓመታት ፈጀበት። በሐዋይ ማውና ሎዋ የመለኪያ ጣቢያ ግን በ1958 ከሚሊዮን 315 እጅ ገደማ የነበረው አሁን ከ420 አልፏል። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ የሆነ ነው። «ድሮም ነበር» የሚለው መልስ፣ ያኔ ከተሞችም እርሻም እንዳልነበሩ ይረሳል።

ጥያቄ፦ ፈተና ደርሶብኛል። የዘመኖቹን ስም ሁሉ ልሸምድድ?

ቅደም ተከተሉን ያዢ፣ ስሙ ቀስ ብሎ ይመጣል። 4.54 ቢሊዮን መነሻው ነው። 2.4 ቢሊዮን ኦክስጅን ነው። 539 ሚሊዮን ካምብሪያን የሚባለው ዘመን የጀመረበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ቅርፊት ያላቸው እንስሳት ቅሪተ አካል በብዛት ይገኛል። 252 ሚሊዮን ላይ በሳይቤሪያ የእሳተ ገሞራ ጎርፍ ጊዜ አብዛኛው የባሕር ዝርያ አለቀ። 66 ሚሊዮን ላይ ሜክሲኮ ቺክሹሉብ የወደቀው አስትሮይድ ነው። እነዚህን ካወቅሽ ሌላውን በመካከላቸው ትሰኪዋለሽ። መምህርሽ ዝርዝሩን በሙሉ ካለ ግን እኔን ምክንያት አታድርጊ።