ፎልቱ የማን፣ ነጥቡስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ከሰፈር እህቶች ጋር ፒክልቦል (ቀዳዳ ያላትን የፕላስቲክ ኳስ በጠፍጣፋ መምቻ በመረብ ላይ የሚያመላልሱበት ጨዋታ) ጀምረናል። ጥንድ ጥንድ ሆነን ስንጫወት፣ ሰርቩ (ኳሷን የማስጀመር ተራው) የእኛ ሆኖ፣ ከኪችኑ (ከመረቡ አጠገብ ካለው ክልል) መስመር ውጭ ቆሜ ኳሷን ሳትነጥር መታኋት። ማንም አልደረሰባትም። እኔ ግን ተንደርድሬ ስለነበር ኪችኑን ረገጥኩ። ተጋጣሚዎቻችን «ፎልት!» (ጥፋት) ብለው ለራሳቸው አንድ ነጥብ ቆጠሩ። ምልልሱ እኮ አልቆ ነበር! ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፎልቱስ ፎልት ነው፤ ነጥቡ ግን አይገባቸውም። በተለመደው አቆጣጠር ነጥብ የሚያገኘው ሰርቭ ያደረገው ወገን ብቻ ነው። ሰርቩ የእናንተ ስለነበር ውጤቱ ባለበት ይቆያል፤ ሰርቭ ያደረገችው ግን ተራዋን ታጣለች፦ የመጀመሪያዋ ከነበረች ወደ ጓደኛዋ፣ ሁለተኛዋ ከነበረች ወደ ተጋጣሚዎቻችሁ ያልፋል።

አሁን ወደ እግርዎ እንምጣ። ኪችን በመረቡ በሁለቱም በኩል 7 ጫማ፣ ማለትም 2.13 ሜትር ያህል የሚዘልቀው ቦታ ነው። መስመሩም የኪችኑ አካል ነው። እዚያ ቆሞ ያልነጠረች ኳስ መምታት ክልክል መሆኑን ብዙዎች ያውቃሉ። የሚያጨቃጭቀው ክልከላው ኳሷ በተመታችበት ቅጽበት አለማብቃቱ ነው። የራስዎ ምት ገፍቶ ካስገባዎ፣ ኳሷ ከጨዋታ ውጭ ብትሆንም ጥፋት ነው። እግር ብቻም አይደለም፤ በዚያው ግፊት ፓድልዎ (መምቻዎ) ቢነካ፣ ኮፍያዎ ቢወድቅበት፣ ኪችን ውስጥ የቆመች ጓደኛዎን ቢደገፉ ያው ነው።

ጭካኔ ይመስላል፤ ለእኔ ግን የጨዋታው ነፍስ ይህ ሕግ ነው። መረቡ መሃሉ ላይ 86 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ክልከላው ባይኖር ረጅምና ጉልበተኛ ወጣት መረቡ ሥር ተተክሎ ሁሉንም ኳስ ቁልቁል ይደበድበው ነበር። የ70 ዓመት እናት ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚፎካከሩት በዚህ ሕግ ነው።

ደግሞ ኪችኑን አይፍሩት! መግባት በራሱ ጥፋት አይደለም። ኳሷ ከነጠረች ገብተው ይምቱ፣ ከፈለጉም እዚያው ይቆዩ። ቀጣዩዋን ሳትነጥር ለመምታት ግን መጀመሪያ ሁለቱም እግሮችዎ ከመስመሩ ውጭ መሬት መርገጥ አለባቸው። ከውስጥ ዘለው እየወጡ አየር ላይ ሳሉ መምታት አይሠራም።

ለጀማሪዎች ሁሌም የማሳየው ይህን ነው፦ ከመስመሩ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ጉልበት አጠፍ፣ ክንድ ሳይወናጨፍ አጭር ምት። ወደ ፊት የሚጎትተን አብዛኛውን ጊዜ የክንዳችን ውርወራ ነው።