ባል ሚስቱን «ደፈረ» ይባላል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። መሐል ሜዳ ለምሰጠው የሴቶች ሥልጠና ባዘጋጀሁት ጽሑፍ ላይ ‹በትዳር ውስጥ አስገድዶ መድፈር› ብዬ ጻፍኩ። ሕግ የተማረ ባልደረባዬ ‹ባል ሚስቱን ደፈረ አይባልም፤ በሕጉም የለም፣ አማርኛው ራሱም አይፈቅድም› ብሎ ሰረዘብኝ። ሌላዋ ደግሞ ‹የጋብቻ መድፈር› በይው አለችኝ። የትኛው ነው ልክ?»

መልስ፦ የተሰረዘውን መልሰው ይጻፉት። ባልደረባዎ ስለ ሕጉ ልክ ናቸው፤ ስለ አማርኛው ግን ተሳስተዋል።

«ደፈረ» ሰፊ ግስ ነው። ሕግ ይደፈራል፣ ድንበር ይደፈራል፣ ምሽግ ይደፈራል። ሁሉም ጋ ያለው ሐሳብ መከበር የነበረበትን ጥሶ መግባት ነው። ማን ከማን ጋር እንደተጋባ ግሱ አይጠይቅም። «አስገድዶ» ሲጨመርበት ደግሞ ፈቃድ እንዳልነበረ ይረጋገጣል።

ታዲያ ያ ክልከላ ከየት መጣ? ከወንጀል ሕጉ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 589 የሚቀጣው ከጋብቻ ውጪ የተፈጸመውን ብቻ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቅጣቱን አከበደው፤ እስከ 10 ዓመት የነበረው በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ሆነ። «ከጋብቻ ውጪ» የምትለዋን ሐረግ ግን አልነካትም። እስቲ ያስቡት፤ «መድፈር» በራሱ ከጋብቻ ውጪ ማለት ቢሆን ኖሮ አርቃቂው ሐረጓን ለምን ይጨምራል? የጨመረው ቃሉ ባልንም ስለሚይዝ ነው። ባልን ያስመለጠችው ሐረጓ ናት፤ አማርኛን አንውቀስ።

ደግሞ ይኸው የ1996 ሕግ በጠለፋ ላይ ቆራጥ ነው። በድሮው ሕግ ጠላፊው ልጅቱን ካገባት፣ ጋብቻው እስካልፈረሰ ድረስ አይከሰስም ነበር። አሁን ግን አንቀጽ 587 ጋብቻው ከተጠያቂነት አያድንም ይላል። መንዝም ሆነ ተጉለት፣ ሽማግሌ ልኮ ጠለፋን በጋብቻ ማስታረቅ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገሩ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ፤ ከጠለፋ በኋላ የመጣ ጋብቻ ወንጀሉን አያጥብም፣ አስቀድሞ የተፈጸመ ጋብቻ ግን ይሸፍናል። ባል ሚስቱን ቢደበድብ ወይም ቢያቆስል አንቀጽ 564 አለ። የመድፈሩ ክስ ነው የሌለው።

ባልን ከመድፈር ክስ የማዳኑ ሐሳብ የእኛ ብቻ አይደለም። ማቲው ሄል የሚባል የእንግሊዝ ዳኛ፣ ሚስት ስታገባ አንዴ የሰጠችውን ፈቃድ መልሳ መውሰድ አትችልም ብሎ ጻፈ። መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ ከ60 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1736 ነው። የእንግሊዝ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህን የጣለው በ1991 ነው፤ ከ250 ዓመት በላይ መሆኑ ነው! ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ ጋብቻ መከላከያ እንደማይሆን በግልጽ ጻፈች።

በነገራችን ላይ የሠርጋችን ቋንቋም የዋህ አይደለም። የሙሽራዋ ድንግልና ሲበሰር «ብር አምባር ተሰበረ» ይባላል። የሰባሪው ጀግንነት ይወደሳል፤ የእሷን ፈቃድ የሚጠይቅ ስንኝ ግን እኔ አልሰማሁም።

«የጋብቻ መድፈር» የሚለውን ይተዉት። «የድንበር መደፈር» ስንል የተደፈረው ድንበሩ ነው። በዚያው ልማድ አንባቢው የተደፈረው ጋብቻው ይመስለዋል፤ ጉዳዩን ከዝሙት ጋር ያምታታዋል። የተደፈረችው ግን ሴቲቱ ናት።

ለሥልጠናው «በትዳር ውስጥ አስገድዶ መድፈር» ይበሉ፤ ሕጉ እንደዚያ ብሎ እንደማይከስም አብረው ይንገሯቸው። ታሪክ ሲጽፉ ደግሞ «ተደፈረች» ብለው አያቁሙ፤ ደፋሪው ይጠፋል። «ባሏ አስገድዶ ደፈራት» ብለው ይጻፉት። ለፖሊስ የሚቀርብ አቤቱታ ከሆነ ግን ስያሜው ላይ ከመከራከር ይልቅ ድብደባውን፣ ዛቻውንና ጉዳቱን አንድ በአንድ መዘርዘር ይሻላል፤ አንቀጽ 564 የሚይዘው ድብደባውንና ያደረሰውን ጉዳት ነው።